ሥራ ፈላጊ ልጅ ያለበት ቤት

ልጅን አስተምሮ ማስመረቅ ለወላጅ ታላቅ ደስታ መሆኑን ለአንባቢዎቻችን መንገር አያስፈልግም። ድግሱ ይደገሳል፤ ፎቶግራፉ በመስተዋት ሆኖ በእልፍኙ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ ዘመድም መርቆ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ስለሚመጣው ጊዜ ግን ብዙ ሲነገር አንሰማም። ፎቶግራፉ ከተሰቀለ ዓመት፣ ሁለት ዓመት፣ ሦስት ዓመት ያልፍና ባለ ፎቶግራፉ ከሥሩ ተቀምጦ ይገኛል። ዛሬ በዚህ ገጽ የምንጽፈው ስለዚያ ልጅ፣ ይልቁንም ልጁ ስላለበት ቤት ነው።

ነገሩን ከአማን እንጀምረው። አማንና ሚዛን ተፈሪ ዛሬ ሚዛን አማን ተብለው አንድ ከተማ ሆነዋል። በ1999 ዓ.ም. የተቋቋመው የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲም በዚሁ ከተማና በቴፒ እያስተማረ በየዓመቱ ብዙ ወጣቶች ያስመርቃል። ተመራቂው ሁሉ የመንግሥት ደመወዝ ቢጠብቅ የመንግሥት መዝገብ የሚችለው አይደለም። ስለዚህም በማስታወቂያ ሰሌዳ ፊት ቆሞ፣ ማስረጃውን በላስቲክ ሸፍኖ ከዝናብ እየጠበቀ፣ «ሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ያለው» የሚለውን መስመር አንብቦ የሚመለስ ወጣት ማለዳ ማለዳ ይታያል። ልምድ የሚገኘው ሥራ ሲያዝ ነው፤ ሥራ የሚያዘውም ልምድ ሲኖር ነው። ይህን እንቆቅልሽ ያወጣው ሰው መልሱን ጨምሮ ቢነግረን ደግ ነበር።

በዚህ ከተማ የምናውቀው አንድ ቤት አለ፤ ስሙን አንጽፍም። አባትየው ጡረተኛ ናቸው። ወንድ ልጃቸው በሒሳብ አያያዝ፣ ሴት ልጃቸው በዕፅዋት ትምህርት ተመርቀው ሁለቱም ያለ ሥራ ሦስተኛ ዓመታቸውን ይዘዋል። አባት ክፉ ሰው አይደሉም። ማታ ራት ሲቀርብ «ዛሬስ ምን ተገኘ፣ ልጄ?» ብለው መጠየቃቸው ከፍቅር ነበር። ልጁ በመጀመሪያው ዓመት በዝርዝር ይመልስ ነበር፤ በሁለተኛው ዓመት «ምንም የለም፣ አባባ» ማለት ጀመረ፤ በሦስተኛው ግን ራት በሚቀርብበት ሰዓት ከቤት መውጣትን ለመደ። ሌሊት ተመልሶ የተከደነለትን ብቻውን ይበላል። እኛን ያስደነገጠን የገንዘቡ ማጠር አይደለም፤ የማዕዱ መለያየት ነው።

ሥራ ማጣት በሰው ላይ የሚያደርገውን ነገር አስቀድመው በጥንቃቄ ከመረመሩት መካከል ማሪ ያሆዳ፣ ፓውል ላዛርስፌልድና ሃንስ ዛይዝል የተባሉ ሦስት ምሁራን ይገኛሉ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1931 መጨረሻና በ1932 መጀመሪያ በኦስትሪያ አገር፣ ከቪየና አጠገብ፣ ማሪየንታል ወደምትባል መንደር ባልደረቦቻቸውን ይዘው ገቡ። መንደሪቱ የኖረችበት ፋብሪካ ተዘግቶ ነበር። ሥራ የፈታ ሰው ጊዜ ስለሚተርፈው መጽሐፍ ያነባል፣ ይማራል ብሎ የሚያስብ ብዙ ነው። እነርሱ ያገኙት ግን ተቃራኒውን ነው። የመንደሩ ቤተ መጻሕፍት ገንዘብ ማስከፈሉን ቢተውም የሚወሰደው መጽሐፍ በሁለት ዓመት ውስጥ በግማሽ ያህል ቀነሰ። በመስኮት ሆነው በሰዓት ሲለኩ ወንዶቹ ከሴቶቹ ይልቅ እያዘገሙና ደጋግመው እየቆሙ ይሄዱ ነበር። ቀኑን እንዴት እንዳሳለፉት በየሰዓቱ እንዲጽፉ የተሰጣቸውም ወንዶች ከጧት እስከ ቀትር ያደረጉትን ለመሙላት ተቸገሩ። የተረፈው ጊዜ ሀብት አልሆናቸውም፤ ከእጃቸው ፈስሶ ጠፋ።

የሆነ ሆኖ በዚያው መንደር፣ በዚያው ችግር ውስጥ፣ ያልተሰበሩ ቤቶችም ነበሩ። ምሁራኑ የእነዚህን ምልክት ሲጽፉ ቤታቸውን በሥርዓት ይይዛሉ፣ ልጆቻቸውን ይንከባከባሉ፣ ለነገ ያቅዳሉ፣ ሥራ መፈለጋቸውን አይተዉም፣ ደስታም አልተለያቸውም ይላሉ። በዚህ ዝርዝር ውስጥ ደስታ መቈጠሩን ልብ ማለት ይገባል። በእኛ አገር ሥራ ፈላጊ ልጅ መሳቅን እንደ ነውር ያያል። ሠርግ አይሄድም፤ ሲሄድም ከዘመድ ጥያቄ ይሸሻል። ደስታውን ከመጀመሪያው ደመወዝ ጋር ቀጥሮ ያስቀምጠዋል። ቀጠሮው ሦስት ዓመት ሲሆን ደስ መሰኘትን ይረሳል፤ ደስ መሰኘትን የረሳ ሰውም በፈታኝ ፊት ሲቀርብ ድምፁ አይወጣም።

በቅርባችን በጅማ የሆነውንም እንጨምር። ዳንኤል ሜንስ የተባለ አሜሪካዊ ምሁር በጅማ ከሥራ ፈላጊ ወጣቶች ጋር ብዙ ጊዜ ቈይቶ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2012 መጽሐፍ አሳተመ። የመጽሐፉን ስም የወሰደው «ተስፋ መቍረጥ» ከሚለው ከራሳችን ንግግር ነው። በእውነትም በአማርኛ ተስፋ እንደ ገመድ ይቈረጣል እንጂ እንደ መብራት አይጠፋም፤ የተቈረጠ ገመድ ደግሞ ይቀጠላል። ይህ ሰው ካያቸው ነገሮች አንዱ የይሉኝታ ጉዳይ ነው። ወጣቱ በተወለደበት ከተማ ዝቅ ያለ የሚባለውን ሥራ ለመሥራት ያፍራል፤ ማንም በማያውቀው አገር ግን ያንኑ ሥራ ይሠራል። እንግዲህ ሥራውን ያከበደው ሥራው ራሱ ሳይሆን የጎረቤት ዓይን ነው፤ ጎረቤት ማለትም እኛው ነን።

ስለ ሴት ልጅ ደግሞ ለብቻው መናገር አለብን። በማሪየንታል ሴቶቹ ከወንዶቹ የፈጠኑት ዕድለኞች ስለ ነበሩ አይደለም፤ የቤቱ ሥራ ስላልተዘጋ ነው። በአማኑም ቤት ያየነው ይህንኑ ነው። ወንድሙ ጊዜ ተርፎት ሲቸገር እኅቱ ጊዜ አጥታ ትቸገራለች። እንጀራው፣ ቡናው፣ እንግዳው፣ የታመመ ዘመድ መጠየቁ ሁሉ «ሥራ የላት» ተብሎ በእርስዋ ላይ ወደቀ። ማስታወቂያ ወጥቶ የመመዝገቢያው ቀን ያለፈው ብዙ ጊዜ እርስዋ ከምጣድ አጠገብ ሳለች ነው። ስለዚህ ለሁለቱ አንድ ዓይነት መድኃኒት የለም፤ ለወንዱ ሥራ ሊሰጠው ይገባል፣ ለሴቲቱ ደግሞ ሰዓት።

አንዳንድ መካሪ ወጣቱን ለማጽናናት የጌሻን ቡና ታሪክ ያመጣል። በዚህ በደቡብ ምዕራብ ጫካ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1930ዎቹ የተለቀመው የጌሻ ዘር በምሥራቅ አፍሪካ አልፎ ወደ መካከለኛው አሜሪካ ተሻገረ፤ በዚያም ብዙ ዓመት ሳይታወቅ ቈይቶ በ2004 በፓናማ በተደረገው የቡና ውድድር አንደኛ ወጣ። ታሪኩ እውነት ነው። ቡና ግን ራት አይበላም፤ የቤት ኪራይም አይጠየቅም። እኛስ ከቡናው ይልቅ ገበሬውን መመልከት ይሻላል እንላለን። ችግኝ የተከለ ሰው የመጀመሪያውን ፍሬ ለማየት ሦስት፣ አራት ዓመት ይጠብቃል፤ በመካከሉ ግን ያርማል፣ የጥላውን ዛፍ ያስተካክላል፣ በመደዳው መካከል ጎደሬ ወይም ሙዝ ተክሎ ይበላል። መጠበቁ ራሱ ሥራ አለበት፤ የዛሬውንም ሥራ ዛሬ ማታ በዓይኑ ያየዋል።

ወላጅ ለልጁ ሊያደርግለት ስለሚችለው ነገር አዲስ አበባ ላይ የተደረገ አንድ ምርመራ አለ። ግርማዊ ተስፋ ሰጪ ንግግር ሳይሆን ሁለት ዓይነት እርዳታ ተነጻጸረ። ለአንዳንዶቹ ሥራ ፈላጊዎች ማስታወቂያ ወደሚለጠፍበት ስፍራ የሚሄዱበት የመጓጓዣ ገንዘብ ተሰጠ፤ ሌሎቹ ደግሞ ማመልከቻ አጻጻፍና የቃል ፈተና አመላለስ ተምረው፣ ችሎታቸው ተመዝኖ የምስክር ወረቀት ተቀበሉ። በመጀመሪያ ሁለቱም እርዳታዎች ጠቀሙ። ከአራት ዓመት በኋላ ግን የመጓጓዣው ገንዘብ ጥቅም ጠፍቶ፣ ችሎታቸውን መግለጽ የተማሩት በገቢም በሥራ እርካታም ብልጫ አሳዩ። የታክሲ ገንዘብ ይቅር ማለታችን አይደለም። ነገር ግን መሥሪያ ቤት ያስተዳደረ አባት ወይም አጎት አንድ ከሰዓት በኋላ ከልጁ ጋር ተቀምጦ «እኔ ቀጣሪ ብሆን ይህን ወረቀት ሳነብ ምን እፈልጋለሁ?» ብሎ ቢያሳየው ከኪሱ ከሚያወጣው ይበልጣል።

ከአንባቢዎቻችን ብዙዎቹ በሥልጣን ወንበር ላይ የተቀመጡ ስለ ሆኑ አንድ ነገር በድፍረት እንጨምራለን። «የለም» ማለት የሚከብደው ኃላፊ «እስቲ ሰሞኑን ብቅ በል» ይላል። ይህን የሚለው ከርኅራኄ ነው። ወጣቱ ግን በዚያች ቃል የሰው ገንዘብ ተበድሮ አራት ጊዜ ይመላለሳል። ለአመልካች በተቈረጠ ቀን የተቈረጠ መልስ መስጠት፣ መልሱ ቢከፋም፣ ለቀጣዩ ደጅ ጕልበት ይተውለታል።

ወደ ጀመርንበት ቤት እንመለስ። አባትየው የማታውን ጥያቄ ትተዋል። ስለ ሥራ ፍለጋው የሚነጋገሩት እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ቡና ተፈልቶ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ የት ተመለከተ፣ ማን መለሰ፣ ቀጥሎ ወዴት የሚለውን ልጁ በደብተር ጽፎ ያመጣል። ከጓሮው የቡና ችግኝ በላስቲክ እያፈላ ለገበሬ መሸጥ ጀምሯል፤ ሒሳቡን በተማረበት ሥርዓት ይይዘዋል፤ አባትየውም ሒሳቡን ይመረምራሉ፣ አንዳንዴም ይሳሳታሉ። በመጀመሪያው ሰሞን የጎረቤት ልጆች «ዲግሪው ጭቃ ያቦካል» ብለው ነበር፤ ችግኙ ሲሸጥ ዝም አሉ። ልጁ ራቱን የሚበላው ከቤተ ሰቡ ጋር ነው።

ለእኅቱ ደግሞ ማክሰኞና ሐሙስ እስከ ቀትር የራስዋ ተደረገላት። በእነዚያ ሰዓታት ቤቱ ቢቃጠል እንኳ አትጠራም ብለው አባትየው አወጁ። ባለፈው ወር ለቃል ፈተና ወደ ቴፒ ተጠርታ ሄዳ ነበር፤ ውጤቱ ገና አልተለጠፈም። በዚያ ቀን ጎመኑን የሠራው ወንድሟ ነው። ጨው እጅግ በዝቶበት እንደ ነበረና ሁሉም እየሳቁ እንደ በሉት እናታቸው አጫውተውናል።