የሙላቱ ሸክላ ተመለሰ፤ የድሬስ?

የሙላቱ አስታጥቄ «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» እ.ኤ.አ. በ1972 ኒው ዮርክ ውስጥ ተቀርጾ ወጣ። ከ45 ዓመት በኋላ፣ በ2017፣ ስትራት የተባለ ኩባንያ በሸክላ ደግሞ አሳተመው። ቫይብራፎንን፣ የላቲን ምትንና የእኛን ቅኝት ያዋሃደው ያ ሥራ ዛሬ ጥርት ብሎ የሚሰማው ዋናው ቴፕ ስለተረፈ ነው። ቁም ነገሩም እሱ ነው፤ ቴፑ ከጠፋ ሙዚቃውም አብሮ ሊጠፋ ይችላል።

ድሬ ዳዋስ? የአፍረን ቀሎ ባንድና የአሊ ቢራ አገር ናት። ከዚራም ሆነ መጋላ፣ ቁም ሳጥን ላይ አቧራ የጠጣ ሸክላ ወይ ካሴት ያለው ሰው አይጠፋም። እባካችሁ ለቆራሌው አትስጡት! ሸክላ ሙቀት ያጣምመዋል፤ የድሬን ፀሐይ ደግሞ ታውቋታላችሁ። ጥላ ቦታ፣ ሳትደራርቡ፣ እንደ መጽሐፍ አቁሙት። ከዚያ ቶሎ አስገልብጡት። አሊ በ2015 ዓ.ም. አርፏል፤ ድምፁን ማቆየት የእኛ ፋንታ ነው።