ፕሌይስቴሽን 5 በጠጋኙ ጠረጴዛ ላይ

አዲስ የጨዋታ መሣሪያ ገበያ ላይ በወጣ ሰሞን የሚጻፍለት ሁሉ ስለ ምስሉ ጥራትና ስለ ፍጥነቱ ነው። የጥገና ባለሙያ ዕቃውን የሚያገኘው ያ ሙገሳ ካለፈ በኋላ ነው፤ አቧራ ጠጥቶ፣ መብራት በሄደና በመጣ ቁጥር ተፈትኖ፣ ጆይስቲኩ በሰፈሩ ልጆች እጅ ሁሉ ዞሮ። ስለዚህ ጥያቄውም ሌላ ይሆናል። ቀድሞ የሚደክመው የቱ ክፍል ነው? ሳይነካ የሚከርመውስ? የባለቤቱ ገንዘብ የሚሄደው ወዴት ነው?

ፕሌይስቴሽን 5 ለዚህ ዓይነቱ ምዘና በቂ ዕድሜ አግኝቷል። ሶኒ ገበያ ላይ ያዋለው እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2020 ሲሆን፣ በአሜሪካ ሲዲ የሚቀበለው 499፣ የማይቀበለው 399 ዶላር ነበር። አዲስ አበባ የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ በሻንጣ ነው። ጠጋኙ ሲፈርድ፣ ሳጥኑ ራሱ ጠንካራ ነው። የሚያስቸግረው ሳጥኑን የሚከበው ነገር ነው፤ ጆይስቲኩ፣ የሚመገበው ኤሌክትሪክና የሚጠብቀው ኢንተርኔት።

መሣሪያው ሲከፈት መጀመሪያ ዓይን ውስጥ የሚገባው የማቀዝቀዣው ግዝፈት ነው። የመጀመሪያው ሞዴል 39 ሴንቲ ሜትር ቁመትና 4.5 ኪሎ ክብደት አለው፤ ብዙዎች «ለምን ይህን ያህል ተለቀ?» ያሉት ይህ አካል በአመዛኙ የተሠራው ሙቀትን ለማስወጣት ነው። ማራገቢያው 12 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 4.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ኖሮት አየር ከሁለቱም ጎን ይስባል። በዋናው ቺፕና ሙቀቱን በሚቀበለው ብረት መካከል ያለው እንደተለመደው ቅባት ሳይሆን ፈሳሽ ብረት ነው። የሶኒው መሐንዲስ ያሱሂሮ ኦቶሪ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2020 መሣሪያውን በራሱ እጅ እየፈታ ባሳየበት ቪዲዮ፣ ይህን ለማዘጋጀት ብቻ ከሁለት ዓመት በላይ እንደወሰደ ተናግሯል።

ልፋቱ ከንቱ አልቀረም። ፕሌይስቴሽን 4 ከባድ ጨዋታ ሲጫንበት ማራገቢያው እየጮኸ ከቴሌቪዥኑ ድምፅ ጋር ይፎካከር ነበር፤ ይሄኛው መኝታ ቤት ውስጥ ሌሊቱን ቢሠራም ጎን የተኛውን አይቀሰቅስም። ለባለሙያ ከዚህ የበለጠ የሚያስደስተው ደግሞ ሽፋኑ ያለ መፍቻ መነሳቱ ነው። ከሽፋኑ ሥር አቧራ ተለይቶ የሚጠራቀምባቸው ሁለት ቀዳዳዎች አሉ፤ የቤቱ ባለቤት በአቧራ መጥረጊያ ማሽን ከውጪ ሊስባቸው ይችላል። ሠሪው የተጠቃሚውን ቤት አስቦ እንደሠራው ከሚያሳዩት ነገሮች አንዱ ይህ ነው፤ የሚያሳዝነው ይህን የሚያውቁ ባለቤቶች ጥቂት መሆናቸው ነው።

አዲስ አበባ ላይ አንድ ነገር ይጨመራል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለተቀመጠች አየሯ ከባሕር ዳርቻው አየር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ማራገቢያ በተመሳሳይ ፍጥነት ቢዞርም የሚያሻግረው አየር ቀላል ስለሆነ ተሸክሞት የሚወጣው ሙቀት ያንሳል። የከተማዋ ብርድ ይህን በከፊል ያካክሰዋል። ሳጥኑ መስታወት ባለው ቡፌ ውስጥ ተዘግቶበት፣ ወይም ከላዩ ዳንቴል ለብሶ ሲገኝ ግን የብርዱ ጥቅም ያበቃል። የሶኒ መመሪያ መሣሪያው ከ5 እስከ 35 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለ አካባቢ እንዲሠራ ያዛል፤ ጨዋታ ላይ ሳለ 200 ዋት ገደማ የሚበላ ዕቃ የተዘጋበትን ቡፌ ከዚህ መጠን ለማሳለፍ ብዙ አይፈጅበትም። ዳንቴሉ ለእንግዳ ማሳያ የሚሆን ሌላ ዕቃ አያጣም፤ ከጨዋታው መሣሪያ ላይ ይነሳ።

እ.ኤ.አ. በ2023 መጀመሪያ ላይ መሣሪያውን አቁሞ ማስቀመጥ ፈሳሹን ብረት ያፈሰዋል የሚል ወሬ ከአንዳንድ የውጭ አገር ጠጋኞች ተነስቶ ብዙ ሰው አስደንግጧል። ሌሎች ልምድ ያላቸው ጠጋኞች ደግሞ ችግሩ የሚታየው ወድቀው በተጎዱ ወይም ቀድሞ በተከፈቱ መሣሪያዎች ላይ ነው ብለው ተከራክረዋል። ለባለቤቱ የሚጠቅመው ነጥብ ሌላ ነው፤ ማቀዝቀዣውን ማንሳት ልምድ ለሌለው እጅ አይሰጥም። ፈሳሹ ብረት ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ አንዲት ጠብታ ቦርዱ ላይ ካረፈች መሣሪያውን ልትገድለው ትችላለች።

ወደ ኤሌክትሪኩ ስንመጣ መጀመሪያ የሚነገረው መልካም ዜና ነው። ፕሌይስቴሽን 5 ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበል ከአሜሪካ የመጣውም ያለ ትራንስፎርመር እዚህ ይሠራል። የሚቀየረው የኃይል ገመዱ ብቻ ነው፤ እሱም ድሮ በቴፕ ማጫወቻ የሚታወቀው ዓይነት ስለሆነ በየኤሌክትሮኒክስ ሱቁ ይገኛል። ለአሜሪካ ገበያ የተሠራው ትልቁ ፕሌይስቴሽን 2 በ120 ቮልት ብቻ ይሠራ ነበር፤ ያንን አምጥቶ በቀጥታ 220 ላይ የሰካ ሰው ዕቃውን በዚያው ቅጽበት ያጣ ነበር። ዛሬም ከውጭ የመጣ መሣሪያ ይዘው «ትራንስፎርመር ልግዛለት?» ብለው የሚጠይቁት ከዚያ ዘመን ትዝታ ተነስተው ነው።

ስጋቱ ያለው መብራት ሲሄድና በተለይ ተመልሶ ሲመጣ ነው። መብራት ሲመለስ የሚከሰተው የቮልቴጅ መዘበራረቅ የኃይል ክፍሉን ይጎዳል፤ ጥሩ ስታቢላይዘር ከአንድ የኃይል ክፍል ጥገና ይረክሳል። አምፖል፣ ፍሪጅና ቻርጀር በተደረደሩበት ዲቫይደር ላይ መሰካትም ይቅር። ሁለተኛው ጉዳት ከዓይን የተሰወረ ነው። ሬስት ሞድ የሚባለው ሁኔታ መሣሪያው የጠፋ ቢመስልም ነቅቶ የሚጠብቅበት ነው፤ በዚያ መካከል ኃይል ቢቋረጥ ጨዋታው የተመዘገበበት መረጃ ሊበላሽ ይችላል። መብራት በሚመላለስበት ሰፈር ሬስት ሞድን ትቶ ጨርሶ ማጥፋት ይሻላል።

መረጃው ተበላሽቶ መሣሪያው አልነሳ ካለም ወዲያው ወደ ጠጋኝ መሮጥ አያስፈልግም። መሣሪያው ከጠፋ በኋላ ሁለተኛው የ«ቢፕ» ድምፅ እስኪሰማ ድረስ ማብሪያውን ተጭኖ መቆየት ሴፍ ሞድን ይከፍታል፤ ጆይስቲኩን በገመድ አገናኝቶ ዳታቤዙን እንደገና የሚገነባውን ምርጫ መጫን ብዙ ጊዜ ነገሩን ያስተካክለዋል። ጨዋታዎቹንም አያጠፋም። ከሥሩ ያሉት ሪሴት የሚሉት ምርጫዎች ግን ሁሉንም ነገር ጠርገው ሊያጠፉ ስለሚችሉ፣ የእንግሊዝኛው ጽሑፍ በጥሞና ሳይነበብ አይነኩ።

ጠጋኙን የሚያበላው ጆይስቲኩ ነው።

ዱዋልሴንስ የተባለው ይህ ጆይስቲክ ሲሠራ የሚደነቅ ነው። ኤል2 እና አር2 እንደ ጨዋታው ሁኔታ ይከብዳሉ ይቀላሉ፤ የመኪና እሽቅድምድም ጨዋታው ግራን ቱሪዝሞ 7 ላይ ፍሬኑ ሲያዝ ጣት ያውቀዋል። ከመሣሪያው ጋር በነፃ የሚመጣው አስትሮስ ፕሌይሩም የተባለው ጨዋታ በበረዶና በአሸዋ ላይ መራመድን ለየብቻ በመዳፍ ያሰማል። ይህ ሁሉ ብልሃት የተሰበሰበበት ዕቃ በአውራ ጣት የሚገፉትን የሁለቱን ዱላዎች እንቅስቃሴ የሚለካው ግን በአሮጌ ዘዴ ነው፤ በካርቦን ንጣፍ ላይ እየተፋተገ የሚሄድ ትንሽ የብረት ጣት። ንጣፉ ሲያልቅ ተጫዋቹ ሳይነካው ካሜራው ይዞራል፣ ተከላካዩ በራሱ ጊዜ ይሮጣል። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ድሪፍት ይሉታል፤ በአሜሪካ በዚሁ ጉዳይ እ.ኤ.አ. በፌብሯሪ 2021 ክስ ቀርቦ ነበር።

በዚያው ወቅት ኤሌክትሮኒክስ እየፈታ የሚመረምረው አይፊክስኢት የተባለው የአሜሪካ ድርጅት ስሌት ሠርቶ ነበር። የክፍሉ አምራች ካስቀመጠው የ2 ሚሊዮን ዙር ዕድሜ ተነስቶ፣ ብዙ እንቅስቃሴ በሚጠይቅ የተኩስ ጨዋታ ይህ ዕድሜ በ417 ሰዓት ሊያልቅ እንደሚችል ገምቷል። በቀን ሁለት ሰዓት ለሚጫወት ሰው ይህ ሰባት ወር ያህል ነው። አሁን ቁጥሩን ወደ ፕሌይስቴሽን ቤት እንውሰደው። ጆይስቲኩ ከጠዋት እስከ ማታ በቀን አሥር ሰዓት ቢሠራ፣ 417 ሰዓት የሚሞላው በስድስት ሳምንት ነው። ፊፋ ወይም ፔስ ላይ ያለው የእጅ ሥራ ከተኩስ ጨዋታ ስለሚለይ ትክክለኛው ጊዜ ሊረዝም ይችላል፤ ቢሆንም ፕሌይስቴሽን ቤት የሚከፍት ሰው የጆይስቲክ ጥገናን እንደ ቤት ኪራይ የማይቀር ወጪ አድርጎ ቢይዘው አይሳሳትም።

ጥገናው ራሱ ትዕግሥት ይፈልጋል። እያንዳንዱ ዱላ ከአሥር በላይ በሆኑ እግሮች ቦርዱ ላይ ስለተበየደ ሲነሳ የቦርዱን ቀጭን መስመር ላለመላጥ መጠንቀቅ ግድ ነው። አሁን አሁን በመተኪያነት በማግኔት የሚለኩ ዱላዎች ይገኛሉ፤ የሚፋተግ ነገር ስለሌላቸው በዚህ መንገድ አያልቁም፣ ከተገጠሙ በኋላ ግን መሃላቸው በሚገባ ካልተስተካከለ ከአሮጌው የባሰ ያስቸግራሉ። ሶኒ ይህን ክፍል በቀላሉ የሚቀየር አድርጎ መሥራት እንደሚችል ራሱ አሳይቷል፤ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2023 ያወጣው ዱዋልሴንስ ኤጅ ዱላው ያለ ብየዳ ተነቅሎ ይተካል። ዋጋው ግን በአሜሪካ 199.99 ዶላር ነበር። በቶሎ የሚያልቀውን ክፍል ለመቀየር መብት የሚያገኘው ውዱን የገዛ ብቻ መሆኑ ተገቢ አይደለም፤ መሣሪያው ላይ ካለው ጉድለት ሁሉ ከባዱም ይህ ነው።

በጠረጴዛው ላይ በብዛት የሚታይ ሌላው ብልሽት የኤችዲኤምአይ መሰኪያ ነው፤ ምክንያቱ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ በዳሰሳ፣ በግድ መሰካት ወይም ሕፃን ገመዱን መጎተት ነው። ገመዱን አንዴ ሰክቶ መተው መፍትሔው ነው።

ስለ ፍጥነቱ የተባለው ከአምስት ዓመት በኋላም እውነት ሆኖ ቆይቷል። የመሣሪያው ዋና ንድፍ አውጪ ማርክ ሰርኒ እ.ኤ.አ. በ2019 ስፓይደር ማን ጨዋታ ላይ ከቦታ ወደ ቦታ መዝለል ፕሌይስቴሽን 4 ፕሮ ላይ 15 ሰከንድ፣ ገና በሥራ ላይ በነበረው አዲሱ መሣሪያ 0.8 ሰከንድ ሲፈጅ አሳይቶ ነበር። የሚያጥረው የማከማቻው ቦታ ነው። በመጀመሪያው ሞዴል 825 ጊጋባይት ከሚባለው ለጨዋታ የሚተርፈው 667 ያህል ሲሆን፣ አንድ ትልቅ ጨዋታ ብቻውን 100 ጊጋባይት ሊወስድ ይችላል። በዩኤስቢ የሚሰካ ሃርድ ዲስክ የፕሌይስቴሽን 5 ጨዋታን ያስቀምጣል እንጂ ከላዩ አያጫውትም፤ የፕሌይስቴሽን 4ን ግን ያጫውታል።

ኢንተርኔቱ የመጨረሻው ፈተና ነው። ኢትዮጵያ በፕሌይስቴሽን ኔትወርክ የአገሮች ዝርዝር ውስጥ ስለሌለች እዚህ ያለ ተጫዋች አካውንቱን በሌላ አገር ስም ይከፍታል፤ ጨዋታም ሲገዛ የዚያኑ አገር የስጦታ ካርድ በዘመድ በኩል ያስልካል። ችግሩ በግዢ አያበቃም፤ የግራን ቱሪዝሞ 7 ሰርቨር እ.ኤ.አ. በማርች 2022 ከአንድ ቀን በላይ ሲቋረጥ፣ ሲዲውን ገዝቶ ብቻውን የሚጫወት ሰው እንኳ አብዛኛው የጨዋታው ክፍል ተዘግቶበታል። በዓለም ሁሉ የደረሰ መቋረጥ ነበር፤ ኔትወርክ በየጊዜው በሚጠፋበት ከተማ ግን ተመሳሳይ ነገር የሚደርሰው ሰርቨሩ ጤነኛ ሆኖም ነው።

በእነዚህ ምክንያቶች እዚህ ለሚኖር ሰው ሲዲ የሚቀበለው ይመረጣል። የፕሌይስቴሽን 4 ሲዲዎች ከጥቂቶች በቀር ይሠሩበታል፤ የጨዋታ ሲዲ በአገር ስለማይገደብ ከዱባይ የመጣው ከአሜሪካ በመጣው መሣሪያ ላይ ይገባል፤ ተጫውተው የጨረሱትንም ለሌላ መሸጥ ይቻላል። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2023 የወጣው ቀጭኑ ሞዴል ሲዲ ማጫወቻው ተነቃይ ሲሆን፣ ማጫወቻው ለብቻው ተገዝቶ ሲገጠም ከመሣሪያው ጋር ለመተዋወቅ የግድ ኢንተርኔት ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ፕሌይስቴሽን 5 ፕሮ ደግሞ በ699.99 ዶላር ተሸጦም ማጫወቻ የለውም። ከውጭ ዘመድ የሚያስመጣ ሰው ማጫወቻው አብሮ መኖሩን አስቀድሞ ይጠይቅ፤ ሁለተኛ ጆይስቲክም በዚያው ሻንጣ ቢጨመር አይበዛም።