ሊቅን በጥቅስ ቍጥር ስለ መመዘን

ዕውቀት እንደ እህል በቍና፤ እንደ ወርቅም በወቄት የሚሰፈር ነገር አይደለም። ነገር ግን ሰውን በየማዕርጉ ማስቀመጥና የመንግሥትን ገንዘብ በየሥራው ማካፈል ግዴታ የሆነበት ሹም፤ ትጉውን ከሰነፉ፤ ሊቁንም ከሊቅ መሳዩ የሚለይበት አንድ መስፈሪያ መፈለጉ አይቀርም። በዛሬው ዘመን በየዩኒቬርሲቲውና በየምርምር ቤቱ ለሚሠሩ ሊቃውንት፤ ይልቁንም ለኬሚስትሪ ሊቃውንት የተገኘው መስፈሪያ የጥቅስ ቍጥር ነው። ይኸውም አንድ ሊቅ የጻፈውን ጽሑፍ ሌሎች ሊቃውንት በኋላ በጻፉት ውስጥ ስንት ጊዜ እንደ ጠቀሱት መቍጠር ማለት ነው። በዚህ ቍጥር ሰው ይሾማል፤ ደመወዙ ይጨመርለታል፤ ወይም ደጅ ይዘጋበታል። ስለዚህ መስፈሪያው ከየት እንደ መጣ፤ ጥቅሙና ጉዳቱም ምን እንደ ሆነ መርምሮ ማወቅ፤ የመሾም ሥልጣን ላለው ሁሉ የሚገባ ነገር ነው። ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

የነገሩ መነሻ ከኬሚስትሪ ቤት ሳይሆን ከፍርድ ቤት ነው። በአሜሪካ አገር ዳኛ ፍርድ ሲሰጥ ከእርሱ በፊት የነበሩት ዳኞች የፈረዱትን እየጠቀሰ ነውና፤ ጠበቃው የሚያቀርበው የቀድሞ ፍርድ እስከ ዛሬ የጸና መሆኑን፤ ወይም በኋላ የፈረሰ መሆኑን አስቀድሞ ማወቅ ነበረበት። ለዚህ ሥራ ከ1873 ጀምሮ ሼፐርድ በተባለው ሰው ስም የሚጠራ መዝገብ ይታተም ነበር። በዚህም መዝገብ ከእያንዳንዱ ፍርድ ሥር፤ ያንን ፍርድ የጠቀሱት የኋላ ፍርዶች ሁሉ ተዘርዝረው፤ ያጸናውና የነቀፈው የሻረውም በየምልክቱ ተለይቶ ይገኝ ነበር።

ኢዩጂን ጋርፊልድ የተባለ፤ በኮሎምቢያ ዩኒቬርሲቲ ኬሚስትሪ የተማረ አሜሪካዊ ይህን የሕግ መዝገብ ባየ ጊዜ፤ ለሳይንስም እንዲህ ያለ ማውጫ ቢዘጋጅ ታላቅ ጥቅም እንደሚሰጥ በ1955 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ጻፈ። በ1960 በፊላደልፊያ ከተማ ለዚሁ ሥራ ድርጅት አቋቋመ፤ በ1964ም የሳይንስ ጥቅሶች ማውጫ ታትሞ ወጣ። የጋርፊልድ የመጀመሪያ አሳብ ሊቃውንትን በሰልፍ ለማቆም አልነበረም። አንድ መርማሪ የሚፈልገውን ጽሑፍ በቶሎ እንዲያገኝ፤ ስሕተቱ የተገለጠውንም ጽሑፍ ሳያውቅ እንዳይጠቅስ ለመርዳት ነበር።

ነገር ግን መዝገቡ ከሕግ ወደ ሳይንስ ሲሻገር አንድ ነገር በመንገድ ቀረ። የሕጉ መዝገብ ያጸናውን ጥቅስ ከሻረው ጥቅስ የሚለይበት ምልክት ነበረው። የሳይንሱ ቍጥር ግን የሚያመሰግነውንም የሚነቅፈውንም እኩል አንድ ብሎ ይቈጥራል። ስለዚህ ስሕተቱ በብዙ ሊቃውንት የተተቸበት ሰው፤ በቍጥሩ ብቻ ቢታይ እንደ ተመሰገነ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

ከዚያ በኋላ በመዝገቡ ላይ የሒሳብ ሥራ ተጨመረበት። መጽሔቶችን ለመመዘን፤ አንድ መጽሔት ባለፉት ሁለት ዓመታት ያወጣቸው ጽሑፎች በያዝነው ዓመት ስንት ጊዜ እንደ ተጠቀሱ ተቈጥሮ፤ በጽሑፎቹ ብዛት ይካፈላል። ሰውን ለመመዘን ደግሞ፤ በአርጀንቲና ተወልዶ በካሊፎርኒያ ዩኒቬርሲቲ በሳን ዲዬጎ የሚያስተምረው የፊዚክስ ሊቅ ሆርሄ ሂርሽ በ2005 አንድ አዲስ መለኪያ አወጣ። በዚህ መለኪያ አንድ ሊቅ ካወጣቸው ጽሑፎች 30ው እያንዳንዳቸው ከ30 ጊዜ ያላነሰ ተጠቅሰው እንደ ሆነ፤ የሊቁ ቍጥር 30 ይባላል። 100 ጽሑፍ ጽፎ ማንም ያልጠቀሰለት ሰው ቍጥሩ ባዶ ነው። አንድ ጽሑፍ ብቻ ጽፎ 10,000 ጊዜ የተጠቀሰለትም ቢሆን ቍጥሩ ከ1 አያልፍም። በ2007 የብሪታንያ የንጉሣዊ ኬሚስትሪ ማኅበር መጽሔት በሕይወት ያሉትን የኬሚስትሪ ሊቃውንት በዚሁ ቍጥር አሰልፎ አሳተመ፤ በሰልፉም ራስ የሐርቫርዱ ጆርጅ ኋይትሳይድስ ቆሞ ተገኘ።

ይህ አሠራር ጥቅም የለውም ማለት ግፍ ነው። በየዓመቱ የሚታተመው የኬሚስትሪ ጽሑፍ እጅግ ብዙ ስለ ሆነ፤ ማንም ሹም ሁሉን አንብቦ ሊጨርስ አይችልም። ደግሞም ቍጥር ዘመድ የለውም፤ አማላጅ አይሰማም፤ እጅ መንሻም አይቀበልም። ከሩቅ አገር የመጣ፤ ትልቅ መምህር ያልደገፈው ወጣት፤ ደጅ ሳይጠና ሥራዬ ይህ ነው ብሎ ሊያሳይበት የሚችል ማስረጃ አገኘ። በወዳጅነትና በወገን የሚደረገውን ሹመት በመጠኑም ቢሆን የሚገታ ነገር ሁሉ እንደ ትንሽ ሊቈጠር አይገባም።

ይሁን እንጂ ቍጥሩ የሚመሰክረው ስለ ምንድን ነው ተብሎ ሊጠየቅ ያስፈልጋል። ለዚህ ሦስት ሰዎችን ማየት ይበቃል።

የመጀመሪያው ኦሊቨር ላውሪ ነው። ይህ አሜሪካዊ በ1951 ከባልደረቦቹ ጋራ፤ በአንድ ፈሳሽ ውስጥ ምን ያህል ፕሮቲን እንዳለ በሰማያዊ ቀለም ድምቀት የሚለካበትን መንገድ ጻፈ። ጽሑፉ እስከ 2014 ከ300,000 ጊዜ በላይ ተጠቅሶ፤ በሳይንስ ጽሑፍ ሁሉ ላይ የበላይ ሆኖ ተገኘ። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ በዚህ መንገድ ፕሮቲን የለካ ሰው ሁሉ፤ የተዋሰውን መጥረቢያ ባለቤት እንደሚጠራ ሰው፤ የላውሪን ስም መጥራት ነበረበት። ላውሪ ራሱ ጽሑፉ ታላቅ ግኝት አለመሆኑን አልደበቀም። ዋትሰንና ክሪክ በ1953 ስለ ዲኤንኤ ቅርጽ የጻፉት፤ የሕይወትን ምሥጢር የገለጠው ጽሑፍ ግን፤ በዚያው በ2014 በተደረገው ቈጠራ ከመቶዎቹ የበላዮች ውስጥ አልገባም። እንግዲህ ብዙ መጠቀስ ብዙ ማገልገልን ያሳያል እንጂ፤ ታላቅነትን ለብቻው አያሳይም።

ሁለተኛው ጆርጅ ሼልድሪክ ነው። በጀርመን አገር በጎቲንገን ዩኒቬርሲቲ ያስተምር የነበረው ይህ ሊቅ፤ የክሪስታልን ውስጣዊ አሠራር ለመመርመር የሚረዱ የኮምፒዩተር ፕሮግራሞችን አዘጋጅቶ ለሊቃውንት ሰጠ። በ2008 የእነዚህን ፕሮግራሞች ታሪክ አንድ የክሪስታል ጥናት መጽሔት ላይ ጻፈና፤ ፕሮግራሞቹን የሚጠቀም ሁሉ ይህን ጽሑፍ እንዲጠቅስ ሆነ። በዚህ አንድ ጽሑፍ ምክንያት ከ2 እምብዛም የማይበልጠው የመጽሔቱ ቍጥር በ2009 ወደ 50 ገደማ ወጣ። መለኪያው ያለፉትን ሁለት ዓመታት ብቻ የሚያይ ስለ ሆነ፤ ሁለት ዓመት ቆይቶ ጽሑፉ ከሒሳቡ ሲወጣ በ2011 ቍጥሩ ወደ ነበረበት ተመለሰ። በነዚያ ሁለት ዓመታት በዚያ መጽሔት ላይ የጻፈ ሌላ ሰው ሁሉ፤ አንድ ፊደል ሳይጨምር ክብሩ ብዙ እጥፍ ከፍ ያለ መሰለ። በመጽሔቱ ስም ሰውን መመዘን፤ በሠፈሩ ቤተ ክርስቲያን ትልቅነት የደብተራውን ዜማ እንደ መመዘን ያለ ነው።

ሦስተኛው ጃፓናዊው ኮይቺ ታናካ ነው። ይህ ሰው የዶክቶርነት ማዕርግ የሌለው፤ በኪዮቶ ከተማ በሺማዙ ኩባንያ የሚሠራ መሐንዲስ ነበር። በ1985 ለሙከራ የሚሆን ነገር ሲያዘጋጅ በስሕተት ግሊሰሪንን ከደቃቅ የብረት ዱቄት ጋራ ደባለቀ፤ ነገር ግን ማባከኑን ስላልወደደ ሳይጥለው ሞከረበት። በዚህም ትልልቅ የፕሮቲን ቅንጣቶችን ሳይሰባብሩ በብርሃን ጨረር አንሥቶ የመመዘን መንገድ ተገኘ። የጻፋቸው ጽሑፎች ጥቂት ነበሩ፤ በሊቃውንትም ሰልፍ ውስጥ ስሙን የሚያውቅ እምብዛም አልነበረም። በ2002 ግን የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ከሌሎች ሁለት ሊቃውንት ጋራ ተሰጠው። ሽልማቱን የሚሰጡት ሰዎች ቍጥሩን ብቻ ተከትለው ቢሆን ኖሮ ታናካን ባላገኙትም ነበር። ያገኙት ሥራውን መርምረው፤ ማን አስቀድሞ እንደ ሠራው ጠይቀው ነው።

ከዚህም የሚብስ ሌላ ጉዳት አለ። ቻርልስ ጉድሃርት የተባለ እንግሊዛዊ የኤኮኖሚ ሊቅ በ1975 ስለ ገንዘብ አስተዳደር ሲጽፍ ያመለከተው አሳብ፤ መለኪያው ራሱ የሚፈለግ ግብ በሆነ ጊዜ መለኪያነቱ እንደሚቀር ያስተምራል። በሳይንስም የሆነው ይኸው ነው። ሹመት በጽሑፍ ብዛት መሆኑን ያወቀ ሰው፤ አንዱን ጥናት እንደ ሙዳ ሥጋ እየቈራረጠ በአምስትና በስድስት ቦታ ያሳትመዋል። ሹመት በጥቅስ መሆኑን ያወቀም የራሱን ጽሑፍ ራሱ ይጠቅሳል፤ ወይም ከወዳጆቹ ጋራ ጥቅሰኝ ልጥቀስህ እየተባባለ ማኅበር ይገባል። በየዓመቱ እጅግ የተጠቀሱትን ሊቃውንት ስም የሚያወጣው ክላሪቬት የተባለው ድርጅት፤ በ2023 ከ1,000 የሚበልጡ ስሞችን በእንዲህ ያለ ምክንያት ከዝርዝሩ እንዳስወጣ አስታውቋል። የቻይና መንግሥትም በ2020 ለታተመ ጽሑፍ ሁሉ ገንዘብ መሸለምንና በጥቅሶች ማውጫ ቍጥር ብቻ ሰውን መሾምን የሚከለክል ትእዛዝ አወጣ። መለኪያውን ያወጣው ሂርሽም ራሱ በዚያው ዓመት፤ ቍጥሩ በብርቱ ሊሳሳትና ያልታሰበ ጉዳት ሊያመጣ እንደሚችል ጻፈ። ሚዛኑን የሠራው ሰው ሚዛኔን ተጠንቀቁ ካለ በኋላ፤ የሚያምነው ሰው ጥፋቱ በራሱ ላይ ነው።

ስለዚህ ሊቃውንቱ መክረው ደንብ አወጡ። በ2012 በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ የተሰበሰቡት፤ የመጽሔትን ቍጥር የሰው መመዘኛ ማድረግ እንዲቀር የሚጠይቅ ቃል አዘጋጅተው በ2013 አወጡት። በ2015ም በሆላንድ አገር በላይደን ከተማ ስም የሚጠራው ዐሥር አንቀጽ ያለው መግለጫ ወጣ። ከአንቀጾቹ አንዱ፤ ለአንድ አገር ሕዝብ የሚጠቅም ምርምር በውጭ አገር አንባቢ ቍጥር ምክንያት እንዳይናቅ ያስጠነቅቃል።

ይህ አንቀጽ ለኢትዮጵያ ሹማምንት የሚነገር ብርቱ ቃል ነው። የኢትዮጵያ ኬሚስትሪ ማኅበር ከ1987 ጀምሮ የራሱን መጽሔት ያሳትማል። በስምጥ ሸለቆ ከመሬት የሚቀዳው ውሃ በብዙ ስፍራ ፍሎራይድ የበዛበት ስለ ሆነ፤ የሕፃናቱን ጥርስ ያበልዛል፤ አጥንትንም ያጐብጣል። ይህን ፍሎራይድ በርካሽ ዋጋ ከውሃው ለመለየት የሚደክም የኬሚስትሪ ሊቅ፤ በዚያ ውሃ የማይጠጡት የኤውሮፓና የአሜሪካ ሊቃውንት ብዙ ጊዜ ላይጠቅሱት ይችላሉ። በታላላቅ ከተሞች ብዙ ሰው የሚሻማበትን ጥናት የተከተለ ባልደረባው ግን ቍጥሩ በቶሎ ከፍ ይላል። በቍጥር ብቻ የሚሾም ሹም፤ ሳያስበው ሊቁን ከመንደሩ ጕድጓድ አርቆ ወደ ሌላው ሰው ጥያቄ ይሰደዋል። የዚህን ዕዳ የሚከፍሉት ሊቁና ሹሙ አይደሉም፤ ጥርሳቸው የበለዘው ሕፃናት ናቸው።

እንግዲህ ምን ይሻላል? ቍጥሩን መጣል አይገባም፤ በስፍራው ማቆም እንጂ። በችሎት ምስክር አለ፤ ዳኛም አለ። የጥቅስ ቍጥር ምስክር ነው፤ ዳኛ ግን አይደለም። ምስክር ደግሞ ሳይጠየቅ አይታመንም። ስለዚህ ሊቅን ለመሾም የተቀመጠ ሰው፤ ቍጥሩ በቀረበለት ጊዜ፤ የጠቀሱት እነማን ናቸው፤ አመስግነው ነው ወይስ ነቅፈው፤ ብሎ ይጠይቅ። ሽማግሌውን ከወጣቱ ጋራ በአንድ መስፈሪያ አይስፈር፤ የሂርሽ ቍጥር በዕድሜ ይጨምራል እንጂ አይቀንስምና። የኬሚስትሪውን ሊቅም ከሒሳቡ ሊቅ ጋራ አያወዳድር፤ የየትምህርቱ የመጥቀስ ልማድ የተለያየ ነውና። ከሁሉም በላይ ሊቁ ከሥራዎቹ የሚበልጡትን ሦስቱን ወይም አራቱን እንዲያቀርብ አዝዞ፤ ነገሩን ለሚያውቁ ሰዎች ሰጥቶ ያስነብብ።

የቅኔ መምህር ደቀ መዝሙሩን የሚያስመርቀው የተማረበትን ዘመንና የዘረፈውን ቅኔ ብዛት ቈጥሮ አይደለም፤ ቅኔውን ሰምቶ፤ ሰሙን ከወርቁ ለይቶ ነው። አባቶች ከመጠምጠም መማር ይቅደም ሲሉ የተናገሩት፤ ጥምጥሙን አይቶ መምህር ነው ለሚል ሹምም ጭምር ነው። የሊቁ ሥራ ሳይነበብ የተሰጠ ሹመት፤ ቍጥሩ ምንም ያህል ቢበዛ፤ ምስክሩ ሳይጠየቅ እንደ ተሰጠ ፍርድ ነው።