የሚነዝርን ጥርስ ስለ ማንጣት

ነጭ ጥርስ በአገራችን ከጥንት ጀምሮ የተወደደ ጌጥ ነው። ማለዳ መፋቂያ በአፉ ይዞ የሚሄድ ሰው በየከተማው የሚታየው ስለዚሁ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ግን ጥርሱን ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው የሚነዝረው፥ ይህም ሆኖ እንዲነጣለት የሚመኝ ሰው ሊያደርገው የሚገባውን ነው።

አስቀድመን የጥርስን አሠራር እንመርምር። ጥርስ ከላይ ኢናሜል በሚባል ልባስ የተሸፈነ ነው። ይህ ልባስ በሰውነታችን ካሉት ነገሮች ሁሉ የጠነከረ ቢሆንም ሕይወት ያለው ሕዋስ ስለሌለበት አንድ ጊዜ ካለቀ ዳግመኛ አይበቅልም። ከሥሩ ዴንቲን የሚባለውና ወደ ቢጫነት የሚያደላው ክፍል ይገኛል። በዴንቲን ውስጥ ለዓይን የማይታዩ እጅግ ቀጫጭን ቦዮች ወደ ነርቩ ያመራሉ። ልባሱ ሲሳሳ ወይም ድድ ሲሸሽ ቦዮቹ ይገለጣሉ፤ ብርድ ወይም ጣፋጭ ሲነካቸውም በውስጣቸው ያለው ፈሳሽ ተንቀሳቅሶ ነርቩን ይቀሰቅሰዋል።

እንግዲህ አንባቢዎቻችን ልብ እንዲሉልን የምንሻው ነገር አለ። ልባሱ ብርሃን የሚያሳልፍ ስለ ሆነ ከሥሩ ያለው ቢጫ በእርሱ ውስጥ አልፎ ይታያል። ስለዚህ ጥርሱን አነጣለሁ ብሎ ልባሱን የሚፍቅ ሰው ቢጫውን እያጎላው ይሄዳል። በደቀቀ ከሰል፥ በአመድ ወይም በጨው የሚያሽ ሰው በመጀመሪያው ሰሞን እድፉ ሲለቅ አይቶ ደስ ይለዋል፤ ከጊዜ በኋላ ግን ጥርሱ የባሰ ይቢጫል፥ የባሰም ይነዝረዋል። ከሁሉ የሚከፋው ሎሚ ነው። ፒኤች በሚባለው መለኪያ ቁጥሩ ባነሰ መጠን አሲዱ ይበረታል፤ ልባሱ ከ5.5 ገደማ በታች መሟሟት ሲጀምር የሎሚ ጭማቂ ከ2 እስከ 3 ባለው ውስጥ ይገኛል። በቱቦ ታሽጎ የሚሸጠው የከሰል የጥርስ ሳሙናም፥ መልኩ ዘመናዊ ይሁን እንጂ፥ ከጓዳው ከሰል የተለየ እምነት የሚጣልበት አይደለም።

ታዲያ የሚነዝረው ሰው ከማንጣቱ በፊት ምክንያቱን በጥርስ ሐኪም ያስመርምር። የተቦረቦረ ወይም የተሰነጠቀ ጥርስ ሳይታከም ማንጫ መድኃኒት ሊነካው አይገባም። ሌላ በሽታ ካልተገኘ፥ ፖታሲየም ናይትሬት ወይም ፍሎራይድ ባለበት የጥርስ ሳሙናና በለስላሳ ብሩሽ ለጥቂት ሳምንታት ቢቦርሽ ንዝረቱ ይቀንስለታል። የቡና፥ የሻይ፥ የጫትና የትምባሆ እድፍ በሐኪም እጅ ሲጠረግ ብዙ ሰው ከዚያ ወዲያ ሌላ ማንጫ አያሻውም።

ይህ ካልበቃው፥ ከእ.ኤ.አ. 1989 ጀምሮ በሐኪሞች ዘንድ የታወቀ መንገድ አለ፤ በጥርሱ ልክ በተሠራ ስስ ቅርጽ ውስጥ 10 በመቶ ካርባማይድ ፐርኦክሳይድ አድርጎ መልበስ ነው። ይህም 3.5 በመቶ ያህል ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይሰጣል። የሚነዝረው ሰው በየቀኑ ከማድረግ ይልቅ ቀን እየዘለለ ቢያደርገው፥ ካመመውም ጥቂት ቀን ቢያቆም መልካም ነው፤ ሕመሙም አብዛኛውን ጊዜ ያልፋል። የተሞላ ወይም ሰው ሠራሽ ጥርስ በዚህ አይነጣም። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ከ0.1 እስከ 6 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ያለበትን ማንጫ ያለ ጥርስ ሐኪም እንዳይሸጥ፥ ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በታች ለሆኑትም እንዳይሰጥ ደንግጓል። በየሱቁ ስንት በመቶ እንዳለበት ሳይጻፍበት የሚሸጠውን መግዛት አንመክርም።

ለመምህራን ደግሞ የተለየ ጉዳይ አለን። በስምጥ ሸለቆ፥ ለምሳሌ በወንጂና በመተሐራ አካባቢ፥ የአንዳንድ ጉድጓዶች ውሃ ፍሎራይድ የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው ልክ፥ ማለት በሊትር ከ1.5 ሚሊግራም፥ እጅግ ይበልጣል። ጥቂቱ ፍሎራይድ ጥርስን ያጠነክራል፤ ብዛቱ ግን ከ8 ዓመት በታች ባለው ዕድሜ፥ ጥርሱ ገና በድድ ውስጥ ሲሠራ፥ ቡናማ አድርጎ ያወጣዋል። ተማሪውን በክፍል ጓደኞቹ ፊት «ጥርስህን አትፍቅም ወይ?» ብሎ መገሠጽ ያልበደለውን ልጅ ማሳፈር ነው፤ ልጁም አፉን በእጁ እየሸፈነ መናገር ይተዋል፤ ወይም ቤቱ ሄዶ በአመድ እያሸ የቀረውን ልባስ ይጨርሳል። ይህ ቀለም በጥርሱ ውስጥ ያለ እንጂ የተለጠፈበት እድፍ አይደለም፤ የሚያቃልለውም የሐኪም ሥራ ብቻ ነው።

ወላጆች ለታናናሾቹ ውሃውን እናፍላ ወይ ብለው ቢጠይቁ፥ ማፍላት ተሕዋስያንን ይገድላል እንጂ ፍሎራይዱን አያወጣውም፤ ውሃው በተነነ መጠን እንዲያውም የቀረው ይበረታል። በንጹሕ ዕቃ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ግን ፍሎራይዱ እጅግ ጥቂት ስለ ሆነ፥ ከተገኘ አፍልቶና አቀዝቅዞ ለሕፃናቱ መጠጥ ማዋል ይቻላል።