ቴሌቪዥኑ ጠፍቶ አምፖሉ ለምን ይበራል?

ደባርቅና ዳባት አካባቢ በሶላር የሚጠቀም ቤተሰብ ይህን ሳያይ አይቀርም። ልጆች ከራት በኋላ ቴሌቪዥን እያዩ ሳለ ኢንቨርተሩ ይጮኻል፤ ወዲያው ቴሌቪዥኑ ድርግም ይላል። ከባትሪው በቀጥታ የተሳበው አምፖል ግን ደብዘዝ ብሎም ቢሆን ይበራል። «እምየ፣ ባትሪው አላለቀም እኮ! ታዲያ ለምን ጠፋ?» ይላል ልጁ። ጉዳዩ የቤትን ገንዘብና ደህንነት ስለሚነካ መልሱን ማወቅ ይጠቅማል።

በእንስራ እናስበው። ለቤት 60 ሊትር ውሃ ያስፈልጋል እንበል። 12 ሊትር በሚይዝ እንስራ ከሆነ 5 ጊዜ፣ 10 ሊትር በሚይዝ ከሆነ ግን 6 ጊዜ ወደ ምንጭ እንመላለሳለን። ቮልት እንደ እንስራው መጠን ነው፤ አምፔር ደግሞ እንደ ምልልሱ ብዛት። 60 ዋት የሚወስድ ቴሌቪዥን ከ12 ቮልት ባትሪ 5 አምፔር ይስባል። ባትሪው ደክሞ 10.5 ቮልት ሲደርስ 5.7 አምፔር ይስባል። ኢንቨርተሩ ራሱ የሚበላው ሲጨመር ደግሞ ከዚህም ይበልጣል።

ቴሌቪዥኑ የሚፈልገው ኃይል አይቀንስም፤ ስለዚህ ኢንቨርተሩ የጎደለውን ቮልት በአምፔር ያካክሳል። ባትሪው ሲደክም ብዙ ይሳባል፤ ብዙ ሲሳብ ይበልጥ ይደክማል። ብዙ ኢንቨርተሮች 10.5 ቮልት አካባቢ ሲደርሱ የሚያጠፉት ባትሪው ጨርሶ እንዳይበላሽ ነው። ተራ አምፖል ግን ቮልት ሲወርድ የሚስበውም አብሮ ስለሚቀንስ ይደበዝዛል እንጂ ቶሎ አይጠፋም።

ከጎርጎራ ተነስተው ጣና ላይ የሚሄዱ የሞተር ጀልባዎችም ከዚህ ሕግ አያመልጡም። ሞተር የሚያስነሳው ባትሪ ሌሊቱን በመብራትና በሬዲዮ ከደከመ ጠዋት ሞተሩ እምቢ ይላል። ከባትሪው እስከ ጀልባው ጫፍ የሚዘረጋ ሽቦ ቀጭን ከሆነም ቮልቱ መንገድ ላይ ይቀራል።

ቤት ውስጥ ዋናው ስጋት ሙቀት ነው። አምፔር እጥፍ ሲሆን በሽቦው ላይ የሚፈጠረው ሙቀት አራት እጥፍ ይሆናል። የተቃጠለ ፊውዝን በተራ ሽቦ መተካት ቤት የሚያቃጥለው ለዚህ ነው። ፊውዙን በልኩ ይተኩ። የኢንቨርተሩን ሽቦ ወፍራምና አጭር ያድርጉት። ትልቅ ሶላር ሊገዙ ካሰቡ ስለ 24 ቮልት ባለሙያ ይጠይቁ፤ ለዚያው ሥራ አምፔሩ በግማሽ ይቀንሳል።

የአሲድ ባትሪ ሲሞላ ተቀጣጣይ ጋዝ ስለሚያወጣ አየር በሚገባበት ቦታ፣ ከምድጃና ከኩራዝ ርቆ፣ የሕፃናት እጅ በማይደርስበት ይቀመጥ። በደጋው የሌሊት ብርድ ባትሪ የሚሰጠው ኃይል እንደሚቀንስም አይርሱ። ባትሪው ሥራ ሳይኖረው ቆይቶ ሲለካ 12.2 ቮልት ካሳየ ግማሹ አልቋል ማለት ነው። ያን ጊዜ ቴሌቪዥኑን አጥፍተው የቀረውን ለልጆች ማጥኛ መብራት ያቆዩት። ኢንቨርተሩ ሲጮኽም ደጋግመው አያስነሱት።

ልጁ እንደገና ከጠየቀዎ መልሱ አጭር ነው፦ «እንስራው አነሰ፣ ምልልሱ በዛ፤ ባትሪያችን ይረፍ።»