የፒያሳ ጩኸት ሒሳብ፤ ከፋዩ ማን ነው?

ፒያሳ ገበያዋን በድምፅ ስትጠራ የኖረች ሰፈር ናት። በካሴት ዘመን ሙዚቃ ቤቶች ድምፅ ማጉያቸውን ወደ አስፋልት አዙረው ይሸጡ ነበር። ካሴቱ ከገበያ ቢወጣም ድምፅ ማጉያው አልወጣም፤ ልብስ ቸርቻሪው፣ ቡና ቤቱና ሎተሪ አዟሪው ወርሰውታል። የታክሲ ረዳቱ ጥሪና የመኪናው ጥሩምባ ሲታከልበት አራዳ ጆሮ የምታሳርፍበት ሰዓት ያጥራል።

የገበያው ስሌት ግልጽ ነው። አንድ ቡና ቤት ሙዚቃውን ከፍ ሲያደርግ መንገደኛ ይስባል። ጎረቤቱ ደንበኛ እንዳይቀማ ከዚያ በላይ ያስጮኻል። ውሎ አድሮ ሁለቱም የነበራቸውን ደንበኛ እንደያዙ ይቀሩና ጩኸቱ ብቻ ትርፍ ይሆናል። ሒሳቡን የሚከፍለው ሦስተኛ ወገን ነው፦ እንግዳው በማግስቱ ሻንጣውን ይዞ የሚወጣበት ሆቴል፣ ተከራይ የማይበረክትለት ባለ ፎቅ፣ ልጆቹን የሚያስጠና ነዋሪ።

ሕግ የለም እንዳይባል አለ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1225 ባለንብረቱ ከመልካም ጉርብትና ያለፈ ጭስ፣ ሽታ፣ ድምፅ ወይም ንዝረት በጎረቤቱ ላይ እንዳያደርስ ይከለክላል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ደግሞ የድምፅ መጠን ደረጃ እንዲወጣ አዟል። በወጣው ደረጃ መሠረት የንግድ አካባቢ ጣሪያ ቀን 65፣ ሌሊት 55 ዴሲቤል ሲሆን የመኖሪያ አካባቢ ቀን 55፣ ሌሊት 45 ነው። ሌሊት የሚባለው ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ያለው ነው። በዚህ መለኪያ 10 ዴሲቤል መጨመር ማለት የድምፁ ኃይል 10 እጥፍ ማደጉ ነውና ከ65 ወደ 75 ማለፍ ቀላል ጭማሪ አይደለም።

ችግሩ አፈጻጸሙ ላይ ነው። ጥፋቱ የሚፈጸመው ሌሊት፣ ቢሮ የሚከፈተው ቀን ነው። አቤቱታው በወረዳ፣ በፖሊስ፣ በደንብ አስከባሪና በአካባቢ ጥበቃ መካከል ሲመላለስ መለኪያ ይዞ በሰዓቱ የሚደርስ ከሌለ የሚቀረው ቃል ለቃል ክርክር ብቻ ነው። ደረጃው ሳይለካ፣ ቅጣቱም ሳይደርስ ሲቀር ማስጮኽ ወጪ የሌለው ማስታወቂያ ይሆናል።

ሌላው ከተማ ምን አደረገ? የናይጄሪያዋ ሌጎስ እ.ኤ.አ. በ2016 ጩኸትን ለመቀነስ በሚል 70 አብያተ ክርስቲያናትንና 20 መስጊዶችን እስከ መዝጋት ደርሳለች። በየጊዜው በትንሹ ያልተለካ ጩኸት መጨረሻው እንዲህ ያለ ከባድ እርምጃ ነው።

ለፒያሳ ጉዳዩ አሁን የኢንቨስትመንት ጥያቄ ሆኗል። በ1898 ዓ.ም. የተመሠረተው ጣይቱ ሆቴል ባለበት ሰፈር በ2016 ዓ.ም. የዓድዋ ድል መታሰቢያ ተመርቋል፤ በዚያው ዓመት ዶሮ ማነቂያን ጨምሮ አሮጌ መንደሮች ፈርሰዋል። ጎብኚው መታሰቢያውን በቀን ያያል፤ ገንዘቡን የሚተወው ግን ሲያድር ነው።

ስለዚህ ቦታ የሚገዛ ወይም የሚከራይ ሰው ልብ ይበል። ደላላ ቤት የሚያሳየው በቀን ነው፤ ገዢው ቅዳሜ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ሄዶ ቢያዳምጥ ይበጀዋል። ከገዛ በኋላም ባዶ እጁን አይደለም። አዋጅ 300/1995 ማንም ሰው የግል ጥቅሙ መነካቱን ማስረዳት ሳያስፈልገው አቤት እንዲል ፈቅዷል፤ በ30 ቀን ውሳኔ ካላገኘ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል።

ቡና ቤቶቹም ከሕጉ ይጠቀማሉ። ሁሉም በአንድ ጊዜ ዝቅ ካደረጉ ደንበኛ የሚያጣ የለም። ብቻውን ዝቅ የሚያደርግ ግን ይጎዳል፤ ስለሆነም ሁሉንም እኩል የሚለካ አካል መኖር አለበት።