ዝላዩ ካለፈ በኋላ፦ የሰውነት ማጎልመሻ ምዘናና ዲጂታል ፖርትፎሊዮ

የሒሳብ መምህር የፈተናውን ወረቀት ቤቱ ወስዶ ያርማል፤ ቅሬታ ሲመጣም አውጥቶ ያሳያል። የሰውነት ማጎልመሻ መምህር የሚያርመው ነገር ግን ዓይኑ ሥር አልፎ ይጠፋል። ተማሪዋ ተንደርድራ ዘለለች፣ አሸዋው ላይ አረፈች፣ በቃ። ስልሳ ተማሪ ይዞ ለ40 ደቂቃ ሜዳ የወጣ መምህር ያየውን ሁሉ በማርክ ሊስቱ ላይ በአንድ ቁጥር ያሰፍራል። ለምን 7 እንጂ 8 እንዳልሆነ ለተማሪዋም ለወላጅም የሚያሳየው ነገር የለውም። ዲጂታል ፖርትፎሊዮ ለዚህ ክፍተት የታሰበ ዘዴ ነው። የተማሪው አጫጭር ቪዲዮዎች፣ የልኬት ውጤቶች፣ ስለራሱ የጻፈው ወይም በድምፅ የቀዳው ግምገማና የመምህሩ አስተያየት በአንድ ማኅደር ይቀመጡና ከመስከረም እስከ ሰኔ ያደረገውን ለውጥ ያሳያሉ።

በአገራችን ለሐሳቡ መሠረት የሚሆነው ተከታታይ ምዘና ነው። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ተማሪ በተከታታይ እንዲመዘን ደንግጎ ነበር። ሰውነት ማጎልመሻ ግን ሁልጊዜ ዳር የቆመ ትምህርት ነው። በዚያው ፖሊሲ ዘመን በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ከሥነ ውበት ጋር ተዳብሎ ይሰጥ ነበር፤ በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናም ቦታ የለውም። በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በከፊል በኮምፒውተር መሰጠት ሲጀምርም ለውጡ ሜዳውን አልነካም። ብሔራዊ ፈተና አለመኖሩ ትምህርቱን አስንቆታል፤ ይህ እውነት ነው። በእኔ እምነት ግን ለመምህሩ ነፃነት የሰጠውም ይኸው ነው፤ አዲስ የምዘና መንገድ ለመሞከር ከዚህ የተሻለ የትምህርት ዓይነት የለም።

በሌላው ዓለም ነገሩ የጀመረው በወረቀት ነው። ከሥነ ጥበብ ትምህርት የተወሰደውን ፖርትፎሊዮ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ወደ ሰውነት ማጎልመሻ ካመጡት አንዱ አሜሪካዊው ቪንሰንት ሜሎግራኖ ነው። በእንግሊዝ ጂሲኤስኢ በሚባለው የሁለተኛ ደረጃ ፈተና ከስፖርት ትምህርት ውጤት 40 በመቶው ከጽሑፍ ፈተና ውጭ የሚገኝ ሲሆን፣ ቪዲዮም እንደ ማስረጃ ይቀርባል። ከሁሉ ይበልጥ የሚያስተምረው በምዕራብ አውስትራሊያ የኤዲት ካዋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ያካሄዱት ጥናት ነው። የተማሪዎችን እንቅስቃሴ ቀርጸው ለብዙ ገምጋሚዎች አቀረቡ። በአንዱ ዘዴ ገምጋሚው ነጥብ አይሰጥም፤ የሁለት ተማሪዎችን ሥራ ጎን ለጎን አይቶ የትኛው እንደሚሻል ብቻ ይመርጣል። ምርጫው በብዙ ሰው ሲደጋገም ደረጃው ራሱ ይወጣል።

ይህ ዘዴ በአገራችን ሜዳ እንዴት እንደሚሠራ ለማየት እንግዲህ ወደ ወገል ጤና እንምጣ። የደላንታ ወረዳ ከተማ ናት፤ ከጋሸና ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ፣ ከባሕር ጠለል ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍ ባለ አምባ ላይ ትገኛለች። ይህ ከፍታ ለምዘና ተራ ነገር አይደለም። በአሥራ ሁለት ደቂቃ የተሮጠን ርቀት በሠንጠረዥ የሚመዝነውን ፈተና ኬኔዝ ኩፐር እ.ኤ.አ. በ1968 ያስተዋወቀው ለአሜሪካ አየር ኃይል ነው። አየሩ በሳሳበት ደጋ፣ ለዚያውም በወጣ ገባ ሜዳ የሚሮጥን ልጅ በዚያ ሠንጠረዥ መመዘን ፍርደ ገምድልነት ነው። ፖርትፎሊዮ ተማሪውን ከራሱ ጋር ያወዳድራል፤ በጥቅምት 1,900 ሜትር የሮጠ በግንቦት 2,200 ከደረሰ ለውጡ ይታያል። የገና ጨዋታም ቢሆን ሠንጠረዥ የለውም፤ የልጁ አመታትና የቡድን ስሜቱ ግን በቪዲዮ ይያዛል።

ትልቁ ሥጋት ኢንተርኔት ነው። በ2013 መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ የሰሜኑ ጦርነት ወሎን ሲያዳርስ፣ ኋላም ከነሐሴ 2015 ጀምሮ በአማራ ክልል ግጭት ምክንያት የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ የኖረ አካባቢ ላይ ማኅደሩን በኔትወርክ ላይ ማንጠልጠል አይገባም። ደግነቱ አያስፈልግም። በመካከለኛ ጥራት የተቀረጸ 15 ሰከንድ ቪዲዮ ወደ 15 ሜጋ ባይት ይመዝናል። ስልሳ ተማሪ እያንዳንዱ ሦስት ቪዲዮ ቢኖረው 2.7 ጊጋ ባይት፣ አምስት ሴክሽን ቢሆን 13.5 ጊጋ ባይት ይሆናል። ባለ 32 ጊጋ ሚሞሪ ካርድ ይበቃዋል፤ ሌላ ካርድ ላይ ግልባጭ ማስቀረት ግን ግዴታ ነው። ስልኩም አንድ ይበቃል። አንዷ ተማሪ ስትዘል ሌላው ከጎን፣ ከመነሻው መስመር ትይዩ ቆሞ ይቀርጻል። ከዚያ ሁለቱ ቪዲዮውን አዘግይተው ያዩታል፤ የመነሻ እግሯ ከመስመሩ አንድ ጫማ ቀድሞ እንደተነሳ፣ ስታርፍም እጇ ወደ ኋላ እንደቀረ ተማሪዋ በዓይኗ ታያለች። መምህሩ ሦስት ጊዜ ቢነግራት ያላመነችውን ያን ጊዜ ታምናለች። ለእኔ የዘዴው ዋና ጥቅም ነጥቡ ላይ ሳይሆን እዚህ ላይ ነው።

ሥራ እንደሚጨምር መካድ አይቻልም። ከአምስት ሴክሽን 900 ቪዲዮ ቁጭ ብሎ ማየት ለአንድ መምህር ሸክም ነው። ስለዚህ ሁሉም እንቅስቃሴ አይቀረጽም፤ በሴሚስተር አንድ ወይም ሁለት ክህሎት ይመረጣል፣ ቪዲዮውን ከሦስቱ ተማሪው ራሱ ይመርጣል፣ መምህሩ ያንን ብቻ ያርማል። ስልክ የሌለው ልጅ ነጥብ እንዳያጣ ቀረጻው በትምህርት ቤቱ ስልክና በክፍለ ጊዜው ውስጥ ብቻ ይሁን።

በቸልታ የማይታለፈው ግን የሴት ተማሪዎች ጉዳይ ነው። በቱታ ሲሮጡ መታየት ራሱ በሚያሳቅቅበት አካባቢ ቪዲዮው ከእጅ ወደ እጅ፣ ከዚያም ወደ ቴሌግራም ቢሻገር ልጅቷ ሜዳ ብቻ ሳይሆን ትምህርት ቤትም ልትቀር ትችላለች። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ ትምህርት ቤቱ የራሱን ደንብ እስኪያበጅ ግን ጥቂት ነገሮች ከመጀመሪያው ቀን መያዝ አለባቸው። የወላጅ ፈቃድ በጽሑፍ ይወሰድ። መቀረጽ ያልፈለገች በመምህሩ ቼክ ሊስት ትመዘን፣ ነጥቧም አይነካ። በግል ስልክ መቅረጽ ይከልከል፤ ካርዱ በርዕሰ መምህሩ ቢሮ ተቆልፎበት ይደር። ተማሪው ሲዛወር ወይም ሲጨርስ የራሱ ቪዲዮ ተገልብጦ ይሰጠው፣ ከትምህርት ቤቱም ካርድ ላይ እሱው ባለበት ይጥፋ።